ድስቱ ጋቢና የተቀመጠበት ማለዳ

ኸልፋን በዕድሜው ተናግሮት የማያውቅ ነገር ቢኖር «ቦታ የለም» የሚለው ነው። ሰው ስንት ነገር ይላል፤ «ነገ» ይላል፣ «ጎማዬ አርጅቷል» ይላል፣ «ወገቤን አሞኛል» ይላል። እሱ ግን መኪናው አጠገብ ዕቃ ታቅፎ የቆመ ሰው ካየ አፉ የሚያወጣው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ጫነው!» ዕቃው ምን እንደሆነ፣ የት እንደሚሄድ፣ ለማን እንደሚሰጥ የሚጠይቀው ከጫነ በኋላ ነው። ይሉኝታ ሰውን ይይዛል ሲባል እንሰማለን፤ ኸልፋንን ግን ይዞት ብቻ ሳይሆን ጎጆ ወጥቶበት ይኖር ነበር።

መንደራችን ሐይል ኑዕማን ከኒዝዋ ከተማ ወደ ተራራው ሲወጡ በቴምር ዛፍ ተከባ የምትገኝ ትንሽ ናት። ኸልፋን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የውሃ ቦቴ ነበር የሚነዳው። ከቦቴው ሲወርድ ደግሞ የገዛ ፒክአፑ ላይ ይወጣል። መንደሩ ይቺን ፒክአፕ «አሮጊቷ» ይላታል። ለዒድ ከኒዝዋ ገበያ ፍየል የምታመጣው አሮጊቷ ናት። በቅመም ታሽቶ በዘንባባ ከረጢት የታሰረውን የየቤቱን ሥጋ ለቃቅማ፣ ሰፈሩ በጋራ ወደሚቀብርበት የእሳት ጉድጓድ የምታደርሰውም እሷው ናት። የሙሽራ ሣጥን፣ የጋዝ ሲሊንደር፣ የሰፈሩ ትልቅ ድስት፣ አንዳንዴም የመስጂዱ ቃሬዛ ከነባለቤቱ፣ ሁሉም ጀርባዋን ያውቁታል።

ኸልፋን ሲጭን ማየት ራሱ መዝናኛ ነበር። ከመኪናው ኋላ አንድ ረጅም የዘንባባ ዘንግ አይጠፋም። ዘንጉ ላይ በቢላ የተጫሩ ምልክቶች አሉ፤ ይሄኛው ጭረት የድስቱ ስፋት፣ ያኛው የቆመ ፍየል ቁመት፣ ይሄ የቴምር ጆንያ፣ ጫፉ አካባቢ ያለው ደግሞ የቃሬዛው ርዝመት። ዘንጉን ያዞራል፣ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ይገባል» ይላል። ኸልፋን ይገባል ካለ ይገባል።

አልገባ ያለችው ሚስቱ ዙወይና ብቻ ናት። ከተጋቡበት ጊዜ ጀምሮ የአሮጊቷ ጋቢና የሷ ነው ይባላል እንጂ እንደ ሰው ተደላድላ ተቀምጣበት አታውቅም። ጉልበቷ ላይ ሁልጊዜ የሆነ ነገር አለ፤ የቅቤ ቆርቆሮ፣ የሰው ሕፃን፣ የእንቁላል ትሪ፣ አንዴማ ባለቤቱን የማታውቀው የግድግዳ ሰዓት እየጮኸ። የኋላው መስታወት ከተሰበረ ወዲህ ደግሞ ፍየሎቹ አንገቷ ላይ ይተነፍሱባታል። ሠርግ ቤት ስትደርስ ሴቶቹ ገና ሳያዩዋት በልጇ በረያ ስም «ኡም ረያ መጣች» ይላሉ፤ ያሸተቱት ሽቶዋን አይደለም። ዙወይና አብራቸው ትስቃለች። ቤቷ ስትገባ ግን ረጅም ቀሚሷን፣ አባያዋን፣ ሁለቴ ታጥባለች። ኸልፋን ይሄን አይቶ አያውቅም፤ ያን ጊዜ እሱ ዕቃ እያወረደ ነው።

አሮጊቷ አንድ ቀን ዳገት መሃል ቀጥ አለች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ቀስ አድርጎ ዘግቶ «አላህ ይማራት» አለ። ኸልፋን የጡረታ ገንዘቡን ይዞ ሌላ ፒክአፕ ሊገዛ ሲነሳ ዙወይና «እኔም እሄዳለሁ» ብላ ተከተለችው።

መኪና መሸጫው ደጃፍ ላይ፣ ከፒክአፖቹ በፊት፣ አንድ ትልቅ ነጭ መኪና ቆሟል። ሦስት ረድፍ ወንበር አለው፤ ጣሪያው መስታወት ነው፤ ለመውጣት መወጣጫ ያስፈልጋል። ዙወይና እዚያው ቆመች። ሻጩ፣ ዩሱፍ የሚባል ከሱሐር የመጣ ጨዋ ወጣት፣ ወዲያው አጠገባቸው ደረሰ።

«ወንበሮቹ ሲታጠፉ የኋላው ዕቃ መጫኛ ከሁለት ሺ ሊትር በላይ ይይዛል፣ አጎቴ» አለ።

ኸልፋን ሊትር ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ ዕድሜውን የፈጀው በሊትር ነው። «የኔ ቦቴ አሥር ሺ ነበር የሚይዘው። የዚህ ቧንቧው የት ጋ ነው?»

«ውሃ አይደለም አጎቴ፣ ስፋቱን ለመናገር ነው።»

«እሺ፣ ፍየል ስንት ሊትር ነው?»

ዩሱፍ ትንሽ አሰበ። «እንደ ፍየሉ ነው» አለ። ኸልፋን መልሱን ወደደለት።

ዘንጉን ይዞ ገባ። ሦስተኛው ረድፍ እንደቆመ ሲለካው ከኋላ የተረፈው ቦታ አንድ የቴምር ጆንያ ቢያስቆም ነው። «ይሄ ሁሉ ቁመና ይቺን ለምታህል ቦታ?» አለ። ዩሱፍ አንድ ቁልፍ ሲጫን ወንበሮቹ ጎንበስ ብለው ተኙ፤ መኪናው ውስጡ እንደ አዳራሽ ተከፈተ።

«አሁን ሰው የት ይቀመጣል?» ሲል ጠየቀ ኸልፋን።

«ሰው ሲኖር ይነሳል፣ ዕቃ ሲኖር ይታጠፋል።»

«ልጄ፣ እኛ ጋ እኮ ሰውና ዕቃ ተራ ይዘው አይሄዱም። አብረው ነው የሚሄዱት።»

የኋላው በር ደፍም ከፍ አለበት፤ ጆንያ እስከ ደረት አንስቶ ማስገባት ወገብ ይቆርጣል። ወለሉ ላይ ደግሞ ምንጣፍ። ፍየል ምንጣፍ ላይ ሲቆም በዓይነ ሕሊናው አየና ለምንጣፉም ለፍየሉም አዘነ። በመጨረሻ ዘንጉን ከኋላው በር እስከ ጋቢናው ጀርባ ዘርግቶ «ቃሬዛስ ይይዛል?» አለ።

«በአዲስ መኪና ላይ ሞት አይነሳም አጎቴ!»

«የኛ ሰፈር ሰው መኪናው አዲስ ነው ብሎ መሞቱን አይተውም።»

«እንግዲያው እርስዎ የሚፈልጉት መኪና አይደለም፣ መርከብ ነው። መርከብ እኛ አገር ሱሐር ወደብ ላይ ሞልቷል፤ እዚህ ግን አንሸጥም።»

ኸልፋን ከት ብሎ ሳቀና «በል ፒክአፖቹን አሳየኝ» ሊል ሲዞር ዙወይና የለችም። ጋቢና ገብታ በሩን ዘግታለች። ዩሱፍ ሞተሩን አስነስቶት ስለነበር ቀዝቃዛው ነፋስ የሻሽዋን ጫፍ ያወዛውዘዋል። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን ትመለከታለች። ጉልበቷ ላይ ከእጇ በቀር ምንም የለም።

«ነይ ውረጂ፣ ፒክአፖቹን እንይ» አላት።

መስታወቱን ዝቅ አደረገች። «ሂድ እያቸው። እኔ እዚህ ነኝ።» መስታወቱ መልሶ ወደ ላይ ወጣ።

ዩሱፍ ጥሩ ሻጭ ስለሆነ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ኸልፋን አንዴ ዘንጉን፣ አንዴ የተዘጋውን መስታወት አየ። መኪናው የተገዛው እንዲህ ነው፤ ሊትሩ ምንም አልሠራም።

መንደር ሲደርሱ ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» ሊል ወጣ። ጎረቤቱ ሐማድ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ «ይሄ መኪና ነው ወይስ የሠርግ አዳራሽ? የወንዶቹ መግቢያ በየት በኩል ነው?» አለ። ሐማድም ፒክአፕ አለው። በሰፈሩ አንድ ነገር ሲጫን ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ኸልፋንን፣ ኸልፋን ከሌለ ሐማድን ነው፤ ሐማድ ሁለተኛ መሆን ሰልችቶታል። ኸልፋን ይሄን ያውቃል። የፈራውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ኸልፋን የሀብታም መኪና ገዝቶ መጫን ተወ» እንዳይባል።

ስለዚህ ከበፊቱ ይልቅ ጫነ። ምንጣፉ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ፍየል አስገባ፤ ፍየሉ በእግሩ የመስታወቱን ቁልፍ ረግጦ ከፈተና አንገቱን አውጥቶ በመንደሩ መሃል እንደ ሹም አለፈ። አንድ ጋን የቴምር ሽሮፕ ወንበር ሥር ፈሶ ጉንዳን እስከ መሪው ድረስ ወጣ። ዙወይናም ብዙ ሳትቆይ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ተመለሰች። ጉልበቷ ላይ ያው ቆርቆሮ፣ ያው ትሪ ነው። ልዩነቱ አሁን በቀዝቃዛ አየር መያዟ ብቻ ነው።

በዚህ መሃል ሙስካት ያለችው አንድያ ልጃቸው ረያ ወለደች። የመጀመሪያዋ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ነው። አራስ ደግሞ አርባዋን የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። ሐኪሙ በመንገድ ላይ እንድትጋደም፣ እንዳትንገላታ አደራ ብሏል።

ዙወይና ምሳ ስታቀርብ ትሪውን አስቀምጣ ሳትቀመጥ ቀረች። «አቡ ረያ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። እስከ ዛሬ ለምኜህ አላውቅም።»

«ምን ሆንሽ? ተናገሪ እንጂ።»

«ረያን ልናመጣ ስንሄድ መኪናው ባዶ ይሁን። እኔ ጋቢና ልቀመጥ፣ ጉልበቴ ላይ ምንም አይኑር። ስንመለስ ልጄ መሃል ወንበር ላይ ትጋደም።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ብቻ… ስንሄድ ትንሽ ብንጭን እንኳ ስንመለስ ባዶ ነን።»

«ከሙስካት ባዶ የተመለስንበት ቀን አለ? የሰው ልብስ ማጠቢያ ማሽን አምጥተህ እኔ በሌላ ሰው መኪና አይደል የመጣሁት?»

ይሄ እውነት ነው። ማሽኑ ጋቢና ነበር። ኸልፋን በወላሂ ማለ፤ ሲምልም ከልቡ ነበር።

ጥፋቱ የመጣው በመስጂድ ደጃፍ ነው። ከመግሪብ፣ ከምሽቱ ሶላት፣ በኋላ ኢማሙ «ነገ አለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ እሱም ሳያስበው «ነገ እንኳ ሙስካት ነኝ፣ ኢንሻአላህ» አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሐይል ኑዕማን ሙስካት የሚሄድ ሰው የራሱን ጉዳይ ብቻ ይዞ አይሄድም፤ የመንደሩን አደራ ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። አደራ አልቀበልም ያለ ሰው በአባቶቻችንም ዘመን አልተሰማም። ኸልፋን ጫማውን ሲያደርግ የሰዎቹን ዓይን አየና ሆዱ ባባ፤ ትንሽ ደግሞ ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አለው።

በማግስቱ ከፈጅር፣ ከንጋቱ ሶላት፣ በኋላ ግቢው የኒዝዋን ገበያ መስሎ ነበር። አንዱ ለልጁ የቴምር ጆንያዎች፣ አንዱ ለእህቱ የጋዝ ምድጃ አምጥቷል። አንዱ ለዘመዱ ልጅ ስም ማውጫ የሚታረድ ፍየል ይዞ ቆሟል። የኢማሙ ወንድም ሙስካት ሠርግ ስላለበት የሰፈሩን ትልቅ ድስት በአራት ሰው አሸክሞ አመጣ። ኸልፋን መጀመሪያ «ዛሬ እንኳ…» ብሎ ጀመረ። ሰዎቹ ዕቃቸውን ወደ መኪናው አስጠጉ። የቀረውን ቃል አላገኘውም። «ጫኑት!» አለ።

ዘንጉን አነሳ። ከዚያ በኋላ መሐላውን ረሳው ማለት ይቀላል፤ ሥራው ወሰደው። ሦስተኛውን ረድፍ አጠፈ፣ ጆንያዎቹን አነጠፈ። ሁለተኛውንም አጠፈ፣ ምድጃውን በጎኑ አስተኛ። ፍየሉን በምድጃውና በበሩ መሃል አቆመው፤ ከጭረቱ ጋር ልክክ አለ። አሥር ጊዜ አውጥቶ አሥር ጊዜ መለሰ። በመጨረሻ የቀረው ድስቱ ነው። ዘንጉን አዞረ፣ አንድ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ይገባል» አለ። ገባ። ጋቢና ገባ።

ሞተሩን ሲያስነሳ መኪናው ጮኸ። ጋቢና ላይ ክብደት አለ፣ ቀበቶ ግን አልታሰረም። ድስቱን ሰው መስሎት ነው። ኸልፋን ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን ስቦ በድስቱ ሆድ ላይ አሰረው፤ ጩኸቱ ቆመ። ሐማድ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ሳቁን ለቀቀው።

«አቡ ረያ! አዲሷ ሚስትህ ወፍራም ናት!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኸልፋንም ሳቀ። ዙወይና ከቤት የወጣችው ያን ጊዜ ነው፤ አዲስ አባያ ለብሳ፣ ሽቶዋን ተቀብታ፣ ለልጅ ልጇ የሰፋችውን አንድ ነጭ ጨርቅ ብቻ ይዛ። ጋቢናውን አየች፤ ድስቱ ቀበቶውን አስሮ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ኤሲው ሆዱ ላይ ይነፍሳል። ሳቁ ከበር ጀምሮ እየጠፋ መጣ።

«እሷው ትሂዳ» አለች ዙወይና። «ረያን ታጥባት፣ ሾርባ ትሥራላት። ለሾርባስ ከኔ ትሻላለች።»

«ኡም ረያ፣ እስኪ ጠብቂ፣ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ካደረግነው…»

«ዘንግህን አምጣው።»

ሰጣት። አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ሄደች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ይሄ ድስቱ ነው። ይሄ ፍየሉ። ይሄ ጆንያው። ይሄ ሲሊንደሩ። ይሄ ቃሬዛው ነው አይደል? የሞተ ሰው እንኳ ጭረት አለው። የኔ የታለ?»

ኸልፋን ዘንጉን ተቀብሎ አዞረው። ወደዚያ አዞረው፣ ወደዚህ አዞረው፣ ሌላኛውንም ገጽ አየው፤ እንዳለ ሊያገኘው ፈልጎ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የሰውን ሁሉ ነገር ለክቶ አጠገቡ የምትቀመጠውን ሴት አንድ ቀን አልለካትም።

«በቃ ስሞት ነው ማለት ነው» አለች ዙወይና፣ «ያኔ ይገባኛል፣ በቃሬዛው ልክ።» ይሄን ብላ ደጃፉ ላይ ባለው ድንጋይ ተቀመጠች፤ ነጩን ጨርቅ ጉልበቷ ላይ አነጠፈች።

ኸልፋን አፈረ። ከጎረቤት ፊት ስላዋረደችው አይደለም ያፈረው፤ እውነቷን ስለሆነ ነው፤ እንዲህ ያለው እፍረት ደግሞ ፊት ላይ ሳይሆን ሆድ ውስጥ ነው የሚሰማው። ወደ ጋቢናው ሄዶ ቀበቶውን ፈታ። ድስቱን ብቻውን አቅፎ አወረደው፤ አራት ሰው የተሸከመውን ነው። ጆንያዎቹን አወረደ። ምድጃውን አወረደ። ፍየሉን ጎተተው፤ ፍየሉ ምንጣፉን ለምዶት ስለነበር እምቢ አለ፣ በግድ ወረደ። ከዚያ አንድ በአንድ ወንበሮቹን አነሳቸው፤ ሦስቱም ረድፍ ባዶውን ቆመ።

«ምን ሆንክ አንተ?» አለ የኢማሙ ወንድም።

ኸልፋን የኋላውን በር ዘጋ። «ቦታ የለም» አለ።

ሐማድ አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ሦስቱን ረድፍ ባዶ ወንበር ተመለከተ፤ መልሶ አወጣው። «ኸልፋን፣ ደህና ነህ? መስጂዱን ሙሉ የሚያስቀምጥ ወንበር ነው እኮ ያለው!»

«ቦታ የለም አልኩ።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለው።

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንዱ «ሐማድ!» ብሎ ተጣራ፤ ሌላውም ተከተለ። ኸልፋን ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሞ የሰው አፍ ከሱ ስም ወደ ሐማድ ስም ሲዞር ሰማ። ጥርሱን እንደመነቀል ነበር። ሐማድ ፒክአፑን እያስጓራ መጣ፤ ዛሬ አንደኛ ነው፣ ሳቁ ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው።

ኸልፋን የጋቢናውን በር ከፈተ፣ ወንበሩን በእጀ ጠባቡ ጫፍ ጠረገ። «ተነሽ እንሂድ፣ የረያ እናት» አላት። ተነሳች። መወጣጫውን ረግጣ ወጣች፣ ቀበቶዋን አሰረች፣ ነፋሱን ወደ ፊቷ አዞረች።

መንገዱ ወደ ደረቁ ወንዝ በሚታጠፍበት፣ ከመጨረሻው የቴምር ዛፍ ሥር፣ መንደሩ ሁሉ ኻላ፣ አክስቴ፣ የሚላት ባልቴት ሻምሳ ቆማለች። በምርኩዝ ስለምትሄድ ግቢው ድረስ መምጣት አልቻለችም። በሁለት እጇ የማር ቆርቆሮ አቅፋለች፤ ሙስካት ለሚኖር ልጇ ነው። ኸልፋን ፍጥነቱን ቀነሰ። ግን ምሏል። ዛሬ ደግሞ አፉ ቃሉን ለምዷል። «ኻላ ሻምሳ፣ ቦ…» ሲል በሱ በኩል ሳይሆን በዚያኛው በኩል መስታወቱ ዝቅ አለ።

«አምጪ ኻላ» አለች ዙወይና፤ ቆርቆሮውን ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ኻላ ሻምሳ መረቀቻቸው፤ ምርቃቷ ረጅም ነው።

ትንሽ እንደሄዱ ኸልፋን አላስቻለውም። «ቦታ የለም ብዬ መንደሩን ሁሉ አስቀይሜ መጣሁ እኮ!»

«አንተ አልክ። እኔ አላልኩም።»

«እሺ፣ ከኋላ አስቀምጪው። ሁለት ሺ ሊትር ባዶ ቦታ አለ።»

«ይፈስሳል» አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መንገዱን እያየች፣ «ደግሞ ጉልበቴን በርዶት ነበር» አለች።

ኸልፋን መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። ወርዶ ከኋላ ዘንጉን አመጣ፣ በሷ በኩል ያለውን በር ከፈተ። ዘንጉን ከወንበሩ እስከ ሻሽዋ ጫፍ አቁሞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቢላውን አወጣ። ዙወይና እንዳይዛነፍበት ቀጥ ብላ ተቀመጠችለት።

«ወደ ጎንም ለካ እንጂ» አለችው፣ «ከነማሩ።»